ቃል በማን ቤት ይደር?

ጥቂት ሰዎች የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ ለመክፈት ሲሰበሰቡ የሚያከራክሯቸው ነገሮች ይታወቃሉ። ስሙ ምን ይሁን? ማን ይጻፍ? ፖለቲካ ይግባ ወይስ ይቅር? ክርክሩ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ የሚገርም አይደለም። በመጨረሻ፣ ሰው ኮቱን ሲያነሳ፣ «በምን ይሠራ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱም ብዙውን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «እሱን ለሚያውቅበት እንተወው»። የሚያውቅበት የተባለው ሰውም የለመደውን፣ ወይም የረከሰውን፣ ወይም ማስታወቂያው ያማረውን ይመርጣል።

ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል። ነገር ግን ከስሙም ከፖለቲካውም ይልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ እሱ ነው። ድረ ገጹ የሚቀበለው የሌላ ሰው ቃል ነውና። ጸሐፊው ከሥራ መልስ በሪያድ፣ በሲያትል ወይም በአዲስ አበባ ተቀምጦ የጻፈውን ልኮ ይተኛል። ብዙ ሰው ቅጂ አያስቀምጥም፤ ያስቀመጠውም ስልኩ ሲሰበር አብሮ ይጠፋበታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ጽሑፍ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ አዘጋጁ ወደደም ጠላም አደራ ተቀባይ ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ብሂል ለከብትና ለገንዘብ ብቻ የተባለ አይደለም። አደራ ተቀባይ ደግሞ ዕቃውን የት እንዳስቀመጠ ሲጠየቅ «ለሚያውቅበት ትቼው ነበር» ብሎ መመለስ አይችልም።

ሣጥኑና ቁልፉ

በድረ ገጽ መጀመሪያ ዘመን እያንዳንዱ ገጽ በእጅ የሚጻፍ ፋይል ነበር። ቃሉና መልኩ አንድ ላይ ተሰፍተው ይቀመጡ ነበር፤ መቶ ገጽ ያለው ሰው የርዕሱን ቀለም ለመለወጥ መቶ ፋይል መክፈት ነበረበት። የይዘት አስተዳደር ሥርዓት፣ በተለምዶ ሲኤምኤስ የሚባለው፣ ሁለቱን ለያያቸው። ጽሑፉ በመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ መልኩ ለብቻው ይዘጋጃል፤ አንባቢ አድራሻውን ሲከፍት ሥርዓቱ ጽሑፉን ከቋቱ አውጥቶ፣ አልብሶ ያቀርብለታል። አዘጋጁ አንድም የኮድ መስመር ሳያውቅ ጽፎ ማተም ይችላል። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። ዋጋው ግን ጽሑፉ ከዚያ በኋላ አዘጋጁ በዓይኑ በማያየው ሣጥን ውስጥ መኖሩ ነው። ሣጥኑ በማን ቤት ነው ያለው? ቁልፉስ በማን እጅ?

ለዚህ ጥያቄ ገበያው ሦስት ዓይነት መልስ ያቀርባል። የመጀመሪያው የኪራይ ቤት ነው። እንደ ዊክስና ስኩዌርስፔስ ያሉት ድርጅቶች በወር ወይም በዓመት ክፍያ ሁሉን ያዘጋጃሉ፤ ቤቱ የተሟላ ነው፣ ጥገናው የእነሱ ነው፣ ተከራዩ ዕቃውን ይዞ ይገባል። ሁለተኛው በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ሶፍትዌር ነው፦ ዎርድፕረስ፣ ድሩፓል፣ ጁምላ። ማንም አውርዶ በፈለገው አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ሊተክለው ይችላል። ሦስተኛው እንደ ጄኪልና ሁጎ ያሉት ናቸው፤ እነዚህ መረጃ ቋት የሚባል ነገር የላቸውም። ጽሑፉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ መሣሪያው ፋይሎቹን ወደ ገጽ ለውጦ ያወጣና ሥራውን ይጨርሳል። መሣሪያው ነገ ቢጠፋ ፋይሎቹ በማንኛውም ኮምፒውተር ይነበባሉ።

በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በዋጋ፣ በፍጥነትና በውበት ነው። ዋናው ልዩነት ግን መውጫው ላይ ነው። በዊክስ የተሠራ ድረ ገጽ የሚኖረው በራሱ በዊክስ አገልጋዮች ላይ ብቻ ነው፤ እንዳለ ተነቅሎ ሌላ ቦታ አይተከልም። ስኩዌርስፔስ ከይዘቱ ከፊሉን በፋይል አውጥቶ ይሰጣል፤ የቀረው ይቀራል። ዎርድፕረስ ጽሑፎቹን፣ ገጾቹንና አስተያየቶቹን በአንድ ፋይል አውጥቶ ይሰጣል፤ ነገር ግን በዚያ ፋይል ውስጥ ፎቶግራፎቹ ራሳቸው የሉም፣ ያሉበት አድራሻ ብቻ ነው የተጻፈው። ይህን የማያውቅ ሰው ፋይሉን ይዞ አሮጌውን ቤት ይዘጋል፤ በአዲሱ ቤት ሲገባ ሥዕሎቹ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ያገኛቸዋል።

ጭሰኛና ባለርስት

የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ርስት ማለት ከአባት ከእናት የሚወረስ፣ ሰውን ከቦታ የሚያያይዝ መብት ነበር። ጭሰኛ ግን የሰው መሬት ያርሳል፤ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ያስረክባል፤ ባለመሬቱ በከፋው ቀን ደግሞ ይነቀላል። ጭሰኛው ከባለርስቱ ያነሰ ሠራተኛ አልነበረም። አዝመራው ሊያምር፣ ጎተራው ሊሞላ ይችል ነበር። የጎደለው ነገ ነው። ዘንድሮ የተከለውን ችግኝ ከአምስት ዓመት በኋላ ፍሬውን ይበላ እንደሆነ አያውቅም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ለዚህ ነበር።

በድር ላይ ያለው ጭሰኝነት ረሃብ አያስከትልምና ማነጻጸሩን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። የነገ ጉድለት ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ጂኦሲቲስ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር ተራ ሰዎች በነፃ ገጽ እንዲከፍቱ ያደርግ ነበር። ገጾቹ በሰፈር የተከፋፈሉ ነበሩ፤ ገጽ የከፈተ ሰውም በዚያ ቋንቋ እንደ ጎጆ ወጪ፣ አዲስ መሬት እንዳቀና ሰው ነበር የሚጠራው። ያሁ በ1999 ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው፤ በጥቅምት 2009 ዘጋው። አቀናሁ ያለው ሁሉ የሰው መሬት ላይ እንደነበረ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። በፈቃደኝነት የተሰባሰቡ ሰዎች ተሯሩጠው ብዙውን ገልብጠው ባያተርፉት ኖሮ የአንድ ትውልድ የመጀመሪያ ጽሑፍ በአንድ ቀን ይጠፋ ነበር። ያሁ ሕግ አልጣሰም። ውሉ ይፈቅድለት ነበር። ስህተቱ፣ ስህተት ከተባለ፣ «ቤቴ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ውሉን ያላነበቡት ሰዎች ዘንድ ነበር።

የኪራይ ቤት ሌላም ጣጣ አለው፤ የጎረቤት ዕዳ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ብሎግስፖት ሲዘጋ የታገደው መንግሥትን የሚተች አንድ ጸሐፊ ብቻ አልነበረም። በዚያ አድራሻ ሥር የተጠለለ ሁሉ፣ ስለ ግጥምም ይጻፍ ስለ ምግብ አሠራር፣ አገር ቤት ላለው አንባቢ አብሮ ጠፋ። የእገዳውን ጥፋት አከራዩ ላይ መጣል አይቻልም። ግን በጋራ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው የጋራ ጣሪያው ሲፈርስ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። የራሱ አድራሻ ያለው ድረ ገጽም ሊታገድ ይችላል፤ ብዙዎቹ ታግደውም ነበር። ቢያንስ ግን የሚታገደው በራሱ ስም ነው፤ ጓዙን ይዞ በሌላ አድራሻ ብቅ ማለትም ይችላል።

ጥሎ የመሄድ መብት

እዚህ ላይ ከነፃዎቹ ሶፍትዌሮች የአንዱ ስም ትኩረት ይስባል። ጁምላ ስሙን የወሰደው ከስዋሂሊ ነው፤ «ሁሉም በአንድነት» ማለት ነው። አማርኛም ከዐረብኛ ያንኑ ቃል ወርሶ «ጅምላ» ይላል። ስሙ የወጣለት በጸብ ጊዜ ነው። ማምቦ የሚባል ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የስሙ ባለቤት ከነበረው የአውስትራሊያ ኩባንያ ጋር በአስተዳደሩ ጉዳይ ተጣሉ። ሰዎቹ ስሙን ትተው፣ ኮዱን ይዘው በጅምላ ወጡ። ፈቃዱ ይህን ይፈቅድላቸው ነበር፤ ማንም ኮዱን መውሰድ፣ መለወጥና በሌላ ስም ማቆም ይችላልና። ስሙ ለኩባንያው ቀረ፤ ሥራው ግን ከሠራተኞቹ ጋር ሄደ።

ዎርድፕረስም የተወለደው እንዲሁ ነው። ቢ2 የሚባለው ሶፍትዌር ደራሲ ሥራውን ሲያቋርጥ፣ ይጠቀሙበት የነበሩት ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ኮዱን አንሥተው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ ስም ቀጠሉት። ዛሬ በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከአርባ በመቶ በላይ የሚሠሩት በእሱ ነው። የፈጣሪው መድከም የሥራው ሞት አልሆነም። ይህ ከማንኛውም ውበትና ፍጥነት በላይ የሚቆጠር ባሕርይ ነው፤ ባለቤቱ ቢደክም፣ ቢሸጥ፣ ቢሞት ወይም ቢበላሽ ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችላል።

የአማርኛ «ነፃ» ሁለት ትርጉም አለው፤ ያልተገዛና ያልተከፈለበት። «በነፃ አገኘሁት» የሚለው ሰውና «ነፃ ወጣሁ» የሚለው ሰው አንድ ቃል ይጠቀማሉ። ግራ መጋባቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በነፃ የሚሰጥ የኪራይ ቤት አለ፤ ነፃ አያወጣም። ነፃ የሚያወጣ ሶፍትዌርም አለ፤ ማስቀመጫ ቦታው፣ አድራሻውና ጥገናው ግን ገንዘብ ያስወጣል። አዘጋጁ «በነፃ ነው» ሲባል ከሁለቱ የትኛው እንደተነገረው ጠይቆ መረዳት አለበት።

የነፃነት ድካም

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምክሩ አጭር በሆነ ነበር፦ ነፃውን ምረጡ። ግን ሐቀኛ ክርክር ሌላውንም ወገን መስማት አለበት። የራስ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚወጣው ባለቤቱ ነው። ዎርድፕረስ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በላዩ ላይ የሚጨመሩት ፕለጊኖችም እንዲሁ። ለወራት ሳይታደስ የቀረን ድረ ገጽ ሰርጎ ገቦች በማሽን እየፈለጉ ያገኙታል፤ አንባቢም አንድ ቀን የግጥም ገጽ ብሎ ሲከፍት የመድኃኒት ወይም የቁማር ማስታወቂያ ይገጥመዋል። ድሩፓል 7 እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አገልግሎ በጥር 2025 ድጋፉ ተቋርጧል፤ ከእሱ ወደ ተከታዩ መሻገር ደግሞ ማደስ ሳይሆን እንደገና መገንባት ነበር። ለትልቅ ተቋም ይህ የበጀት ጉዳይ ነው። ቀን ታክሲ ነድቶ ማታ ለሚያስተካክል ፈቃደኛ ግን የዕንቅልፍ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ «ተከራይ ሰነፍ ነው» የሚል ፍርድ ትክክል አይደለም። መጠገን እንደማይችል አውቆ የተሟላ ቤት የሚከራይ አዘጋጅ፣ መጠገን እንደማይችል እያወቀ በኩራት የራሱን ቤት ሠርቶ ለጅብ ከሚተው አዘጋጅ ይልቅ ለአደራው ታማኝ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ነፃነት ለጸሐፊው ጥበቃ አይሆነውም።

የነፃው ሰፈርም ቢሆን ጌታ የለበትም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ከዎርድፕረስ መሥራቾች አንዱ ደብሊውፒ ኤንጂን ከሚባል የማስቀመጫ አገልግሎት ሰጪ ጋር በንግድ ስምና ለጋራ ሥራው በሚደረግ አስተዋጽኦ ጉዳይ ተጣላ። ጸቡ ሲከር የዚያ ኩባንያ ደንበኞች ድረ ገጾቻቸውን ከተለመደው ማዕከል እንዳያድሱ መንገዱ ተዘጋባቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በታኅሣሥም ፍርድ ቤቱ መንገዱ እንዲከፈት በጊዜያዊነት አዘዘ። ደንበኞቹ በጸቡ ውስጥ እጃቸው አልነበረም። ኮዱ የሁሉም ነበር፤ ኮዱ የሚከፋፈልበት ደጃፍ ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙዎች ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

አድራሻውም ራሱ ርስት አይሆንም። በኮም የሚያልቅ ስም በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ አይመዘገብም፤ የሚያድሰው ካጣ ለሌላ ይሸጣል። በድር ላይ ፍጹም ባለርስት የለም። ሁሉም በተወሰነ ደረጃ ተከራይ ነው። ታዲያ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ «ባለቤት ነህ ወይስ ተከራይ?» ከሚለው ወደ ሌላ ይዞራል፦ «ነገ ውጣ ብትባል ይዘህ የምትወጣው ምንድን ነው?»

ፊደሉ የሚያስተምረው

የአማርኛ ጸሐፊዎች የዚህን ጥያቄ መልስ አንድ ጊዜ በኪሳራ ተምረውታል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር አዘጋጅ «ሀ»ን በመሰለው ቁጥር ያስቀምጠው ነበር። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። አንዳንድ ድረ ገጾች ከዚህ ለመሸሽ ጽሑፉን ፎቶ አድርገው ይለጥፉት ነበር፤ ፎቶ ደግሞ ለዓይን ይነበባል እንጂ አይፈለግም፣ አይገለበጥም። በዚያን ጊዜ የተጻፈ ስንት ልብ ወለድና ስንት ክርክር ዛሬ በአሮጌ ዲስክ ላይ ተኝቷል! ፋይሉ አለ፤ ቃሉ የለም። ጸሐፊው ጽሑፉን ያስረከበው ለወረቀት ወይም ለሕዝብ ሳይሆን ለአንድ የፊደል ሻጭ የቁጥር አሰጣጥ እንደነበር ማንም አልነገረውም።

ዛሬ ያ ችግር በመሠረቱ ተፈትቷል። ቅሪቱ ግን አለ፤ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ሊያውቀው ይገባል። አንድ የግዕዝ ፊደል በድር አድራሻ ውስጥ ሲጻፍ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። ዎርድፕረስ ከርዕሱ ለሚያወጣው አድራሻ የፈቀደው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ከሃያ ፊደል ገደማ የሚያልፍ የአማርኛ ርዕስ አድራሻው ላይ መሐሉ ይቆረጣል። አዘጋጁ አጭር አድራሻ በእጁ ካልሰጠ፣ ሰው ለወዳጁ የሚልከው መስመር ረጅም የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ይሆናል። ፍለጋውም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ ማሽኑ ለጆሮ አንድ የሆኑትን ፊደላት አንድ ናቸው ብሎ አያውቃቸውምና። መሣሪያዎቹ የተሠሩት ይህ ቋንቋ ትዝ ሳይላቸው ነው። ኮዱ ክፍት የሆነ መሣሪያ ግን ሊስተካከል ይችላል፤ አንድ የሚችል ሰው የሐመሩን «ሐ» እና የሃሌታውን «ሀ» እንዲያዛምድ ሊያስተምረው ይችላል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን የሚቻለው ማመልከቻ መጻፍና መጠበቅ ነው። አነስተኛ ቋንቋ ለሚጽፍ ማኅበረሰብ ይህ የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው።

የብራናው ዘመን ሰዎች ስለ ሶፍትዌር ባያውቁም ስለ አደራ ያውቁ ነበር። ጽሑፍ የሚተርፈው በመጋዘኑ ጥንካሬ ሳይሆን በቅጂው ብዛት መሆኑን ተረድተው ይገለብጡ ነበር። መጽሐፉን የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚያወግዙትም ለዚህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያንኑ ሥራ በፊልም የቀጠለ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሙሉ ማለት ይቻላል ያን ሀብት ሲዘረዝሩ ኖሩ። ብራናው በባለቤቱ ዘንድ ቀረ፤ ቅጂው ባሕር ተሻገረ። ለድረ ገጽም ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ገና አልተገኘም።

የማጥፋት አደራ

መጠበቅ ብቻውን ግን ሙሉ አደራ አይደለም። አንድ ሰው ውጭ አገር ሳለ በስሙ የጻፈው ጽሑፍ፣ ዘመን ሲለወጥ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ወይም ቤተሰቡ ላይ ዓይን ሲያርፍ አደጋ ሊሆንበት ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ ስለ ኑሮዋ የጻፈች ሴት አሠሪዋ ስሟን ቢያይ ምን እንደሚገጥማት አዘጋጁ ከእሷ በላይ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው «ጽሑፌን አንሡልኝ» ብሎ ሲጠይቅ «ታሪክ ነው፣ ይቆይ» የሚል መልስ ታሪክ ወዳድ ይመስላል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ግን ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ግዴታዎች ይጋጫሉ። ቅጂ በበዛ ቁጥር ቃሉ ይተርፋል፤ ቅጂ በበዛ ቁጥር ቃሉን መመለስ አይቻልም። ግጭቱን የሚፈታ ሶፍትዌር የለም፤ አዘጋጁ ግን ልኩን ሊያበጅለት ይችላል። ጽሑፉን ሲቀበል የት እንደሚቀመጥ፣ ቅጂው በማን ዘንድ እንደሚኖር፣ ሲጠየቅ ምን ማንሣት እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለጸሐፊው አስቀድሞ ይናገራል። ከድረ ገጹ ማንሣት እችላለሁ፤ ማኅደር አድርገው ከገለበጡት እጅ ግን ማውጣቴን ዋስትና አልሰጥም ይለዋል። ስሙን መለወጥ የሚፈልግ ካለ ያን ጊዜ ይለውጣል። መሣሪያውም በዚህ ይመዘናል፤ የጸሐፊን ስም ከአንድ ቦታ ለውጦ በሁሉም ገጽ ላይ የሚለውጥ ነው ወይስ በየፎቶውና በየማጠቃለያው አሮጌውን ስም የሚተው? ለአንባቢ የማይታይ ትንሽ ነገር ነው። ለአንድ ሰው ግን ሕይወቱ ሊሆን ይችላል።

የሚመርጥ ሰው ምን ይመርጣል?

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል ከመሣሪያዎቹ መካከል አንዱን አሸናፊ ብሎ መሾም አይቻልም። ሁለት ዓመት ለሚቆይ ማስታወቂያ የኪራይ ቤት ይበቃል። ብዙ አዘጋጅ፣ ብዙ ክፍልና ጠንካራ ባለሙያ ላለው ተቋም ድሩፓል ከባድ አይሆንም። ለአብዛኛው የሥነ ጽሑፍ ቡድን ዎርድፕረስ በራስ አድራሻ ላይ፣ ፕለጊኖቹ ተቆጥረውና ጥቂት ሆነው፣ ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ጥገና የሚችል ሰው የሌለው፣ ግን ጽሑፉ ለሃምሳ ዓመት እንዲቆይ የሚፈልግ ቡድን ተራ ፋይሎቹን ይዞ በሁጎ ቢሠራ ብዙ ጭንቀት ይቀርለታል፤ የሚሰበር መረጃ ቋት ስለሌለ የሚሰበረውም ያንሳል። ምርጫው እንደ ሰዎቹ አቅም ነው።

እንደ አቅም የማይለዋወጠው ግዴታው ነው። አድራሻው በአንድ ሰው ስምና በአንድ ሰው የባንክ ካርድ ብቻ ከተመዘገበ፣ ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል ነፃ ቢሆን ድረ ገጹ የዚያ ሰው ጭሰኛ ነው። የአንድ ማኅበር አባላት ሲጣሉ ወይም የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው ሲታመም የዓመታት ሥራ የሚጠፋው በሰርጎ ገብ ሳይሆን በዚህ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ ሁለቱም በአንድ ከተማ ባይሆኑ ይመረጣል። ጽሑፉም ፎቶውም ያለበት ሙሉ ቅጂ በየጊዜው ወጥቶ ከአገልጋዩ ውጭ ይቀመጥ። ጸሐፊዎችም የራሳቸውን ጽሑፍ በተራ ፋይል መልሰው የሚያገኙበት መንገድ ይኑር። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ለራስ አለመተማመን ያስፈልጋል። አደራ ተቀባይ ራሱን እንደ ዘላለማዊ ሲቆጥር ነው አደራው የሚበላው።

የቤቱን ጥንካሬ የሚለካ አንድ ፈተና አለ፤ ማንኛውም ቡድን በአንድ ቅዳሜ ሊያደርገው ይችላል። ጽሑፎቹን በሙሉ አውጥቶ፣ አሮጌውን ሳይነካ፣ በሌላ ቦታ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ለማቆም መሞከር ነው። ከቆመ፣ ሥዕሉም ፊደሉም በቦታው ከሆነ፣ ጸሐፊዎቹ ያስረከቡት ቃል በእርግጥ አዘጋጁ እጅ ውስጥ አለ። ካልቆመ ቃሉ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ያ ሰው እስከፈቀደ ድረስም ብቻ ይቆያል። ይህን በመጀመሪያው ዓመት ማወቅ አንድ ቅዳሜ ያስከፍላል። በአሥረኛው ዓመት ማወቅ ግን የሰዎቹን ቃል ያስከፍላል፤ ከፋዮቹም መሣሪያው ሲመረጥ ያልተጠየቁት ጸሐፊዎች ናቸው።